ሰባት የክብሪት ሳጥን

አቶ ደምሰው ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት በምን እንደሞተ ነው። ተኝቶ ሳለ ነው አሉኝ። እራቱን በልቶ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቶ ተኛ፤ ጠዋት ሊቀሰቅሱት ቢሉ አልነቃም። ቅር አለኝ። ነጋሪዋ ፊቴን አይታ ያዘንሁ መስሏት "አይዞዎት እማማ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው" አለችኝ።

በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። ስለ እሱ ለሰው ሳወራ እንኳ አንቱ እል ነበር፤ ልማድ ነው። እዚህ ግን አልለውም።

የሠራንበት ጤና ተቋም ሆሳዕና ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። በደርግ ጊዜ ነው። እሱ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እኔ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ነበርሁ። ከሰሜን ተመድቦ ሲመጣ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነበር። ቁጣ አያውቅም፤ የሚጎዳውን ሰው እንኳ የሚጎዳው በለሆሳስ ነው። ሰው ሲጨብጠው ያቺን እጁን ከጋዋኑ አርቆ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሁሉ እያንጠለጠለ ይሄድና እስከ ክርኑ ድረስ በአልኮል ያብሳታል፤ የጨበጠው ሰው ቆሞ እያየው። በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ሻይ የሚጠጣባትን የቆርቆሮ ኩባያ አንድ ቀን ቁስል የሚያክመው ድሬሰራችን ተሳስቶ ቢጠጣባት ሦስት ጊዜ በእሳት አስፈላኝ።

ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። "ሳሙና" ነበር የሚለኝ። "አንቺ ሳሙና፣ ነይ እዪ!" ሲል አዲስ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ሐዲይኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነውና አማርኛዬ ሲሰበር እንደገና እንድለው ያደርገኝና እንግዳ ካለ ወደ እንግዳው ዞሮ ፈገግ ይላል።

ሥራውን ግን ያውቅ ነበር። ይህን አልክድም። ከሰው ዓይነ ምድር ትንሽ ቆንጥሮ፣ ክዳን ባላት ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይቀባዋል፤ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ በሽታው ካለ ሳህኗ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይበቅላል። ነጠብጣቡን ብርሃን ላይ አንሥቶ ሲያየው ፊቱ ይበራ ነበር። "ሳህኑ አይዋሽም" ይላል። በቀን አምስት ጊዜ ይላታል። መዝገቡንም እንዲሁ ነበር የሚይዘው፤ በዚያ ውብ ጽሕፈቱ የሰውየውን ስም፣ ቀኑን፣ ከጎኑ ደግሞ በሽታው ካለ የመደመር፣ ከሌለ የመቀነስ ምልክት።

በሽታው በዚያ ክረምት ከቆላ በኩል ወጣ። ስም አልነበረውም። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን "ተቅማጥና ትውከት" ተብሎ ብቻ ይጻፍ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጥቷል። ጠዋት እርሻ የወጣ ሰው ማታ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጣቱ እንደ አጣቢ ሴት ጣት ተጨማዶ ይሞታል። ከተማው ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛ ሁሉ ይገኝ ስለተባለ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

አቶ ደምሰው ተነሣ። "የታመመውን ሰው አልፈራውም" አለ። "የታመመው ተኝቷል፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። እኔ የምፈራው ያልታመመውን ነው። በሆዱ ይዞት፣ አንዴ እንኳ ሳይቆርጠው፣ ገበያ ወጥቶ ቆጮ ቆርሶ የሚሸጥላችሁን ሰው።"

ድሬሰሩ አቶ ሃንዳሞ እጁን አወጣ። የአገራችን ሰው ነው፣ ሸምገል ያለ። "እውነት ነው፣ አቶ ደምሰው። ግን ያልታመመ ሁሉ ይመርመር ካልን ከዚህ እስከ ዳምቦያ ያለው ሰው ሁሉ ክብሪት ሳጥን ይዞ ሊሰለፍ ነው። ሳህንዎ ስንት ነው?"

ሰው ሳቀ። በዚያን ጊዜ ዓይነ ምድር ለምርመራ የምናመጣው በባዶ ክብሪት ሳጥን ነበር።

"ምንጩን እንጠር፤ ውሃ ይፈላ፤ ሽንት ቤት ይቆፈር" አለ አቶ ሃንዳሞ። "ሁሉም እጁን ከታጠበ ማን ምን ተሸከመ ብለን መፈለግ የለብንም።"

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። "ጓድ ሃንዳሞ፣ እኔ ለበላይ 'ሽንት ቤት ቆፈርሁ' ብዬ ሪፖርት ላድርግ? የተያዘ ሰው አሳየኝ! ቁጥር ስጠኝ!"

ቁጥሩን የሚሰጠው አቶ ደምሰው ሆነ። የበሰለ ምግብ፣ አይብና ወተት የሚሸጥ ሁሉ ተመርምሮ የጤና ወረቀት ይያዝ ተባለ፤ የተገኘበት ደግሞ የእህል መጋዘኑ ውስጥ ይቆያል። መጋዘኑ ውስጥ የሚያስመልሳቸውና የሚያስቀምጣቸው ሕሙማን ተኝተዋል። አቶ ሃንዳሞ እንደገና ተነሣ።

"ቢያንስ በጣውላ እንክፈለው። የታመመና ያልታመመ አንድ ላይ አይተኛ።"

"ሳህኑ ላይ ሁለቱም አንድ ቢጫ ናቸው" አለ አቶ ደምሰው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "ምን ብዬ ልለያቸው?"

"ተሳስተው ንጹሕ ሰው ቢያስገቡስ?"

"ሳህኑ አይዋሽም።"

አቶ ሃንዳሞን በዚያው ሰሞን ወደ ሺንሺቾ አዛወሩት።

እህቴ ማርታ ገበያ ላይ ቆጮና አይብ ትሸጥ ነበር። የምንኖረው አንድ ላይ ነው። ባሏ ላምቤቦ ጊምቢቹ መሬቱ ላይ ነው፤ እየተመላለሰ ያያታል። ሩት የምትባል ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረቻቸው። ሩት ከሳምንት በፊት አስቀምጧት ድና ነበርና የምርመራው ነገር ሲነገር ማርታ እንቅልፍ አጣች።

"ከልጄ ይዞኝ ከሆነስ?" አለችኝ። "መጋዘን ከገባሁ ይህችን ማን ያጠባታል?"

መላውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ በረኪና ውስጥ ነው የሚውለው፤ ከእኔ የጸዳ ሰው በሆሳዕና አይገኝም ብዬ አሰብሁ። ሆዴን ታምሜ አላውቅም። የራሴን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ሰጠኋትና "ይህን አድርገሽ አስመርምሪ" አልኋት። ያላሰብሁት ማርታ ደግ መሆኗን ነው። አብረዋት ገበያ የሚቀመጡ ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ፈርተዋል፤ ሁሉም አፍረዋል። አካፈለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት የጤና ጣቢያው መስኮት ላይ ተሰልፈው መጡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው እየተሳሳቁ።

"እኔ እኮ ለዚህ ሰውዬ ይህን ከማሳይ ምላሴን ቆርጬ ብሰጠው ይቀለኛል" ትላለች አንዷ።

"እሱስ ምን ነካው? የተማረው ይህን ለማየት ነው?"

"ዝም በይ፣ ይሰማል! ደግሞ ያንቺን ሲያይ እንዳይወድሽ!"

ሰባቱን ሳጥን አንድ በአንድ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ስከፍታቸው በሁሉም ውስጥ ያው ኮባ፣ ያው ነገር። ማርታን በመስኮቱ አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ምን ላድርግ እንደማለት። ሳጥኖቹን መልሼ ዘግቼ ስማቸውን ጻፍሁ።

በማግስቱ "ሳሙና! ነይ እዪ!" ሲል ገባሁ። ሰባቱ ሳህኖች በተርታ ተደርድረዋል፤ ሰባቱም በቢጫ ነጠብጣብ ተሞልተዋል። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "ሰባት ጤነኛ ተሸካሚ በአንድ ገበያ! አልነገርኋቸውም?" ወዲያው ለሊቀመንበሩ ወረቀት ጽፎ ላከ። ፀሐይ ሳትበረታ አብዮት ጠባቂዎች ሴቶቹን ከነገበታቸው ከገበያ አነሷቸው። ሰባት ተሸካሚ ተያዘ የሚለው ሪፖርትም በዚያው ዕለት ወደ በላይ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ጋሽ ደምሰው፣ የሰባቱም የእኔ ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ሰባት ሴት በአንድ አንጀት!" አለ። "ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ እንግዲህ! እኔ ሰባት ቦታ ስፈልግ አጠገቤ ሳህን ታጥቢልኛለሽ!"

"ይፍቷቸው እንግዲህ። እነሱ አልተመረመሩም።"

ሳቁን አቆመ። ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገ። "ለሊቀመንበሩ ምን እላለሁ? ሪፖርቱ ሄዷል። ይህ አሻጥር ነው ይላል። አንቺ የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከእህትሽ እውነተኛውን አምጪልኝ። ነጻ ከሆነች ቀስ ብዬ አስወጣታለሁ።"

ወደ መጋዘኑ ሮጥሁ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ ማርታ የእህል ጆንያ ላይ ቆማ በፍርግርጉ አየችኝ። ከኋላዋ ሰው ያቃስታል፤ ሽታው ውጭ ድረስ ይመጣል። በሐዲይኛ ነበር የምናወራው፣ ጠባቂው እንዳይሰማ።

"ያንቺ ነው ያስገባን?"

"አዎ።"

"ታዲያ አንቺ ለምን ውጭ ሆንሽ?"

"ሳህን የሚያጥብለት ሰው ጠፍቶ ነው" አልኋት።

ሳቀች። ማርታ እንደዚያ ነበረች። የጠየቅኋትን በቅጠል አድርጋ በፍርግርጉ አቀበለችኝ። "ሩትን የፈላ ውሃ ብቻ አጠጫት" አለችኝ።

በማግስቱ ማሞቂያ ሳጥኑን ራሱ ከፈተ፤ እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ራሱን ነቀነቀ። "ይዟታል" አለኝ። "አዝናለሁ፣ ሳሙና።"

አመንሁት። ለምን አላምነው? ስለ ሳህን ዋሽቶ አያውቅም።

እኔን ግን መጋዘን አላስገባኝም። ያ ሁሉ ሰው ፊት "የምፈራው ያልታመመውን ነው" ያለ ሰው፣ ሳህኑን የሚያጥብለት አጥቶ፣ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ይሰደኝ ነበር። በየሁለት ቀኑ ይመረምረኛል። ከበላይ የሚመጡ እንግዶችን ወደ እኔ እያመጣ "ይህችን ተመልከቷት፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ። ሆዷ ግን ሙሉ ነው" ይላቸዋል። እነሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ ይመለከቱኛል። በኋላ በዚህ ጉዳይ ጽሑፍ ጽፎ ተመስግኖበታል። ስሜ የለበትም። እንኳን አልኖረ።

ትክክል ነበር። የማልምረውም በዚህ ጭምር ነው። ጤነኛ የሚመስል ሰው በሽታ ይዞ ይዞራል ሲል ሰው ሲስቅበት እሱ ትክክል ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ እኔ ነበርሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳህኔ ንጹሕ ሲሆን ቅር አለው። "አለቀ" አለኝ፣ ላሜ ነጠፈች እንደሚል ሰው።

ማርታ ግን በገባች በአምስተኛው ቀን ታመመች። ግሉኮስ አልቆ ነበር። ገብቼ በማንኪያ የስኳርና የጨው ውሃ ላጠጣት ብለምነው በሩ ላይ ቆሞ "ተሸካሚ ወደ ሕሙማን አይገባም" አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ውጭ ዋልሁ። መጀመሪያ ትጠራኝ ነበር። ከዚያ ውሃ ብቻ ትጠራ ጀመር። ከዚያ ዝም አለች። ኖራ ነስንሰው በጠባቂ ቀበሯት፤ ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል። ከሰባቱ ሴቶች ሦስቱ አልወጡም።

"ከማን ያዛት?" ብዬ ጠየቅሁት። ከመጋዘኑ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።

እጁን እየታጠበ ነበር። "ይዟት ነው የገባችው፤ ሳህኗን አይቻለሁ። አንድ ገበታ ላይ አብራችሁ አልነበር የምትበሉት? ከማን እንደያዛት አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ።

ለላምቤቦም የክብሪቱን ነገር የነገረው እሱ ነው። እንደ ወዳጅ ጊምቢቹ ድረስ ሄዶ፣ አዝኖለት፣ "የሚስትህ እህት የሰጠቻት ነው" ብሎ። ክልከላው ተነሥቶ ቤተሰቡ ለቅሶ ሲቀመጥ ሄድሁ። የማርታ አማት ውሃ በቅል ሰጠችኝ። ጠጥቼ ሳስቀምጠው ከፊቴ አነሣችና ድንጋይ ላይ ሰበረችው። ሩትን ከጭኔ ላይ ወሰዷት። ልጅቷ አልቅሳ ነበር፤ ከዚያ ለመደች።

ሦስት ዓመት እህቴን የገደልሁ እኔ ነኝ ብዬ ኖርሁ። የሚያውቅ ሰው አልነገረኝም እንዳልል፣ ሳህኑን ያየ ሰው ነግሮኛል። ሰው ቤት መብላት ተውሁ። ሊያገባኝ የመጣውን ሰው መለስሁት፤ እንዴት አድርጌ እንጀራ ላቀርብለት ነው?

ከዚያ አቶ ደምሰው ዕድገት አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ቁም ሳጥኑን እንዳጸዳ ታዘዝሁ። ያ መዝገብ እዚያ ነበር። የዚያን ክረምት ገጾች ገለጥሁ። ሰባቱ ሴቶች፣ ሰባት የመደመር ምልክት። ከታች በማግስቱ ቀን እንደገና የእህቴ ስም፣ ብቻውን፣ በዚያ ውብ ጽሕፈት። ከጎኑ አንዲት አጭር ጭረት። የመቀነስ ምልክት።

ንጹሕ ነበረች። እሱም ያውቅ ነበር። አንድ ሴት ከለቀቀ ስድስቱስ ይባላል፤ የሄደው ሪፖርት ይፈርሳል። ስለዚህ ተዋት። መዝገቡ ላይ ውሸት መጻፍ ግን አልቻለም፤ እጁ አልታዘዘለትም። በአፉ ብቻ ነበር የሚዋሸው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ገጹን ቀድጄ ጊምቢቹ ሄድሁ። ላምቤቦ ከበሩ ላይ አላሳለፈኝም። ወረቀቱን ገለበጠው፤ ፊደል አይቆጥርም።

"የታለ?"

"ይኸው፤ ይህች ጭረት። አልያዛትም ማለት ናት። መጋዘኑ ነው የገደላት።"

"ይህን ያለው ማን ነው? አንቺ ነሽ።" ወረቀቱን መለሰልኝ። "ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። እሱ ካለ አምናለሁ።"

ለአቶ ደምሰው ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ። አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፣ ማርታ ንጹሕ ነበረች ይበሉልኝ ብዬ። አንዴ መለሰልኝ፤ "የቆየ ነገር ነው፤ ራስሽን አታድክሚ" ይላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥልጠና ሆሳዕና መጣ፤ ወፍሯል፣ ሸብቷል፣ ከአጠገቡ ሰው አይጠፋም። ከአዳራሹ ሲወጣ ጠብቄ መንገዱ ላይ ቆምሁ።

"አንቺ ሳሙና! አለሽ እንዴ?"

"ያቺን መስመር ይጻፉልኝ፣ ጋሽ ደምሰው። ለእኔ አይደለም፤ ለልጅቷ።"

"ለሩት?" ፈገግ አለ። "ሩትን እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኋት። አባቷ ነገረኝና ትምህርት ቤት አስገባኋት። አሁን ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፣ እንደ እኔ። አባባ ነው የምትለኝ። እናቷን ለማዳን ስንት እንደደከምሁ ታውቃለች።"

"ማን ነገራት?"

"እኔ ነኛ" አለና እጄን ጨብጦ ተለየኝ። መኪናው ጋ ሲደርስ ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ እጁን ሲያብስ አየሁት።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበችው ሩት ናት አሉኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ለሕሙማን ሕይወቱን የሰጠ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆርጦ፣ ሰው ደግፏት ነው የጨረሰችው። ሩት መንገድ ላይ ስታገኘኝ ተሻግራ የምትሄድ ሴት ናት።

ገጹን ለምን እስከ ዛሬ አላሳየሻትም የሚለኝ ይኖራል። ያቺን ጭረት ማንበብ ትችላለች፤ ጽሕፈቱንም ታውቀዋለች። ግን እሱ በሕይወት እያለ ባሳያት ኖሮ ወረቀቱን ይዛ ወደ እሱ ነበር የምትሄደው። እሱም በዚያ ለስላሳ ድምፁ አንድ ነገር ብሎ ያሳምናት ነበር፤ እኔን እንዳሳመነኝ። አሁን የምትጠይቀው ሰው የላትም።

ደግ ሴት ብሆን አርባው እስኪወጣ እታገሥ ነበር። ዋናውን ገጽ በፖስታ አሽጌ፣ ሠልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛ መሐል ተቀምጣ ሳለች እጇ እንዲገባ አድርጌ ላክሁላት።